የሕግ ምክር፦ «አሜሪካውያኑ ልጆቹን በጉዲፈቻ ለመውሰድ ወስነዋል፤ ምን ይቀረናል?»

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ በአንዲት ወንጌላዊት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የሕፃናት አገልግሎት አስተባባሪ ነኝ። በኪራይ ቤት 14 ወላጅ አልባ ልጆች እናሳድጋለን። ከእነዚህ ውስጥ የ11 ዓመት ልጅና የ7 ዓመት ወንድሟ ከዘጌ የመጡ ናቸው። እናታቸው ሞታለች። አባታቸው ከሦስት ዓመት በፊት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ አልተመለሰም። ዘጌ ያሉት የእናታቸው እናት አቅም ስለሌላቸው «ልጆቹን ለቤተ ክርስቲያኒቱ ሰጥቻለሁ» የሚል ወረቀት ላይ በጣታቸው ፈርመውልናል። በየዓመቱ ከአሜሪካ እየመጡ የሚያገለግሉ ባልና ሚስት ልጆቹን በጣም ስለወደዷቸው በጸሎት አስበውበት በጉዲፈቻ ሊወስዷቸው ወስነዋል። ልጆቹም ይህን ሰምተው በተስፋ እየጠበቁ ነው። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ «በፌዴራሉ ቢከለከልም በክልላችን የቤተሰብ ሕግ ይቻላል» ብሎ 180 ሺህ ብር፣ የልጆቹን ዋና ሰነዶችና የአያታቸውን ውክልና ጠይቆናል። ውክልናው ተሰጥቷል፤ ገንዘቡን ገና አልከፈልንም። ከዚህ በኋላ ምን ይቀረናል?

መልስ፦ ገንዘቡን አይክፈሉ፤ ውክልናውንም በዚህ ሳምንት ያሽሩ። ምክንያቱን በየተራ እገልጻለሁ።

የውጭ አገር ዜጋ ኢትዮጵያዊ ሕፃንን በጉዲፈቻ መውሰድ አይችልም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በአንቀጽ 193 ይህን ይፈቅድ ነበር። በ2010 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1070/2010፣ አንቀጹን ሰርዞታል። ሕጉ የሚያየው የጉዲፈቻ አድራጊውን ዜግነት ስለሆነ ባልና ሚስቱ ባሕር ዳር ቤት ቢከራዩ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ቢያወጡ ወይም አሥር ዓመት ያገለገሉበት ማስረጃ ቢያቀርቡ ለውጥ የለውም። ቤተ ክርስቲያን የድጋፍ ደብዳቤ ብትጽፍላቸውም እንደዚያው። ሰዎቹ ጥሩ ሰዎች መሆናቸውን አልጠራጠርም፤ ጥያቄው ግን የእነሱ ጥሩነት አይደለም።

ክልከላው ድንገት የመጣ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,500 በላይ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በጉዲፈቻ ሄደዋል። በዓመቱ የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር የሚያያቸውን የጉዲፈቻ ፋይሎች ቁጥር እጅግ ቀነሰ። በዚያው እ.ኤ.አ. 2011 በዋሽንግተን ግዛት አንዲት ከኢትዮጵያ የተወሰደች ልጅ ሞታ አሳዳጊዎቿ በ2013 ጥፋተኛ ተባሉ። በ2014 ደግሞ የኢትዮጵያ ጉዲፈቻ ያስፈጽሙ የነበሩ የአንድ አሜሪካዊ ድርጅት ሠራተኞች በሐሰት ሰነድ ተከሰሱ። ብዙ ጊዜ ሐሰተኛ የሚሆነው አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፦ «ወላጆቹ አይታወቁም» የምትለው። ይህን የማነሣው የእርስዎ ፋይል ላይም ያቺ ዓረፍተ ነገር ልትጻፍ ተቃርባ ስለነበር ነው።

«በክልሉ ሕግ ይቻላል» ወደሚለው ልምጣ፤ እንዲህ ያለው ንግግር እውነት የሚመስል ጫፍ ስላለው ሰው ያምነዋል። የአማራ ክልል በእርግጥ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ይባላል፤ የባሕር ዳር ዳኛም የሚሠራው በእሱ ነው። ነገር ግን ልጅ ወደ ውጭ የሚሄደው በፍርድ ቤት ውሳኔ ብቻ አይደለም። ፓስፖርት ያስፈልገዋል፤ ቪዛም እንደዚሁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መሠረት የፓስፖርት፣ የኢሚግሬሽንና ከአገር የመውጣት ጉዳይ የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ነው። ክልሉ ላይ የሚገኝ ማንኛውም ወረቀት አዲስ አበባ ሲደርስ የኢሚግሬሽን መስኮት ላይ ይቆማል። ያንን ቢያልፍ እንኳ ኤምባሲው ክልከላውን ስለሚያውቅ ቪዛ አይሰጥም። ጉዳይ አስፈጻሚው ይህን አያውቅም ብዬ አላስብም። ልጆቹ ሄዱም ቀሩም የእሱ 180 ሺህ ብር ቀድሞ ኪሱ ይገባል።

ክልከላውን ዞረው ለማለፍ የሚሞከሩ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው አያትን ሞግዚት አስደርጎ ልጆቹን «ለሕክምና» ወይም «ለጉብኝት» በሚል ቪዛ ማስወጣት ነው። ሁለተኛው አንድ ኢትዮጵያዊ በስሙ ጉዲፈቻ አድርጎ በኋላ ለፈረንጆቹ እንዲያስተላልፍ ማድረግ ነው። ሁለቱም ለኤምባሲና ለፍርድ ቤት ሐሰት መናገር ይጠይቃሉ። የሐሰት ሰነድ ማዘጋጀትም በእሱ መጠቀምም በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል፤ ልጅን በማታለል ከአገር ማስወጣት ደግሞ በሰው መነገድንና ሕገ ወጥ ስደትን በሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሊያስጠይቅ ይችላል። ፖሊስ ሲመጣ የጉዳይ አስፈጻሚው ስም በየትኛውም ወረቀት ላይ አይገኝም። የሚገኘው የእርስዎ ፊርማና የአያትየው ጣት ነው።

ስለዚህ ውክልናው በተሰጠበት የሰነድ ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት አያትየውን ይዘው ቀርበው ያሽሩት። የሻሩበትን ሰነድ አንድ ቅጂ ለተወካዩ አስፈርመው ይስጡ። እምቢ ካለ በሁለት ምስክር ፊት ለመስጠት መሞከርዎን በጽሑፍ ያስፍሩ፤ አድራሻው የሚታወቅ ከሆነ በአደራ ፖስታ ይላኩለት። ዋናዎቹ ሰነዶች እጁ ገብተው ከሆነ በደብዳቤ ይጠይቁት። ካልመለሰ ለፖሊስ ያመልክቱ፤ ይሉኝታ አይያዝዎት።

አንድ ነገር ልጨምር። አብያተ ክርስቲያናት ይህን መልስ ሲሰሙ ወዲያው «አሜሪካ ያለ ሐበሻ ምእመን ቢወስዳቸውስ?» ይላሉ። ዜግነቱን ያልቀየረ፣ ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው በኢትዮጵያ ሕግ የውጭ ዜጋ አይደለም፤ እዚህ ጉዲፈቻ ማድረግ ይችላል። ችግሩ ያለው በአሜሪካ በኩል ነው። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው በጉዲፈቻ እንዲወሰድ፣ ከዚያም በተጨማሪ ቢያንስ ለ2 ዓመት በአሳዳጊው ሕጋዊ ኃላፊነት ሥር ሆኖ አብሮት እንዲኖር ይጠይቃል። ልጁ ያለ ቪዛ አሜሪካ መግባት ስለማይችል አሳዳጊው እዚህ መጥቶ 2 ዓመት መቀመጥ ይኖርበታል ማለት ነው፤ ያን ያህል ጊዜ ከአሜሪካ ውጭ የቆየ ሰው ደግሞ ግሪን ካርዱ ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ለእነዚህ ልጆች ይህን መንገድ አልመክርም።

ከዚህ ወደ ዋናው ነገር እንለፍ። ጥያቄዎን ሳነብ ያሳሰበኝ ማን እንደሚወስዳቸው ሳይሆን ልጆቹ አሁን በሕግ ፊት የማን እንደሆኑ ነው። «ወላጅ አልባ» ብለዋቸዋል። አባታቸው ሞቷል ያለ ግን የለም። በሕግ እናት ስትሞት አሳዳሪም (የልጁን አካልና አስተዳደግ የሚጠብቅ) ሞግዚትም (ንብረቱን የሚያስተዳድር) የሚሆነው አባት ነው። መተማ መውረዱ ይህን ሥልጣን አያሳጣውም። ነገ ተመልሶ በራችሁን ቢያንኳኳ ልጆቹን «አልሰጥም» የምትሉበት ሕጋዊ ወረቀት የላችሁም።

የአያትየው ጽሑፍም አይረዳችሁም። ልጅ በወረቀት ለማንም፣ ለቤተ ክርስቲያንም ቢሆን አይሰጥም፤ በዚያ ላይ ሲፈርሙ ሕጋዊ ሞግዚት አልነበሩም። ያንን ወረቀት ፋይል ውስጥ ያስቀምጡት እንጂ ለማንም እንደ ማስረጃ አያሳዩት።

መጀመሪያ አባትየውን ይፈልጉ። ፍለጋው በወግ ይሁን፤ በኋላ ፍርድ ቤቱ «ምን አደረጋችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ የምታሳዩት ይህን ነውና። ከዘጌ አብረውት የወረዱ ሰዎች እነማን ናቸው? መቼ፣ የት እርሻ ላይ ነው መጨረሻ የታየው? ይህን በስምና በቀን ይጻፉ። ለመተማ አስተዳደርና ፖሊስ በደብዳቤ ይጠይቁ፤ መንገዱ ባስቸገረበት ጊዜ በስልክ ጠይቀው የደወሉበትን ቀንና ያነጋገሩትን ሰው ይመዝግቡ። ሰሊጥ የሚታጨደው ከመስከረም መጨረሻ አንሥቶ ስለሆነ ሠራተኛው ወደ አገሩ በሚመለስበት በኅዳርና በታኅሣሥ መጠየቅ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ውጤት አለው። ከተገኘ ፈቃዱን ወይም እምቢታውን ዳኛ ፊት ቀርቦ ይናገር፤ በቴሌግራም የተላከ የድምፅ መልእክት ፍርድ ቤት ውስጥ ብዙ አያስኬድም።

ካልተገኘ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 154 አለ። አንድ ሰው ጠፍቶ ለ2 ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጥቅም ያለው ሰው መጥፋቱ እንዲወሰን ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። እናንተ ሦስት ዓመት አልፏችኋል። ፍርድ ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ በጋዜጣ ጥሪ እንዲወጣ ያዝዛል፤ በእኛ ክልል የተለመደው በኵር ላይ ማውጣት ነው። የወጣበትን ዕትም ሙሉውን ያስቀምጡ፤ ተቆርጦ የቀረበ ቁራጭ ቀኑ አይታይም ተብሎ የተመለሰበት ጊዜ አለ።

ጎን ለጎን አያትየው አሳዳሪና ሞግዚት ሆነው እንዲሾሙ ያመልክቱ። ወላጅ በሌለበት ሕጉ ቅድሚያ የሚሰጠው ለአያቶች ነው፤ ቀጥሎ አካለ መጠን ለደረሱ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከዚያም ለአጎትና ለአክስት። «አቅም የላቸውም» ያሉት ምናልባት የገንዘብ አቅም ከሆነ ይህ ሞግዚት ከመሆን አያግዳቸውም፤ ለገንዘቡ ቤተ ክርስቲያኒቱ አለች። ሕመም ወይም እርጅና ከሆነ ግን ለዳኛው በግልጽ ይነገርና ሌላ ዘመድ ይፈለግ። አክስት አለች? አጎት? በጥያቄዎ ውስጥ ስለ እናታቸው ወንድሞችና እኅቶች አንድም ቃል የለም። ዘጌ ውስጥ ዘመድ የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ለዚህ ማመልከቻ የሚያስፈልገው፦ የእናት የሞት ምስክር ወረቀት፣ የሁለቱ ልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከዘጌ ቀበሌ የዝምድና ማስረጃ፣ የአያትየው የቀበሌ መታወቂያ፣ ቤተሰቡን የሚያውቁ ሦስት ምስክሮች፣ የአባት ፍለጋው መዝገብ። ቀበሌ ሲሄዱ መጀመሪያ የእናትየውን ሞት ያስመዝግቡ። ሳይመዘገብ ቀርቶ ከሆነ ሌላው ሁሉ እዚያ ላይ ይቆማል። ጤና ጣቢያ ካልሞተች የተቀበረችበት ደብር ደብዳቤ ሊጽፍ ይችላል፤ የደብሩን ሰዎች የሚያነጋግሩት አያትየው ራሳቸው ቢሆኑ ይሻላል፤ እናንተ ብትሄዱ ሌላ ጥያቄ ይነሣል።

የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ልቆይ፤ ፋይል በብዛት የሚበላሸው እዚህ ነው። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ካለፈም በዘገየ ምዝገባ ይሠራል። ከሁሉ የሚሻለው ማስረጃ የክትባት ካርድ ነው፤ ያቺ በላብ የረጠበች፣ ጫፏ የተበላች ካርድ በአያትየው ሣጥን ውስጥ ልትኖር ትችላለች። ካርዷን ሳይፈልጉ በግምት ዕድሜ አያስጽፉ። በእኔና በባልደረቦቼ እጅ የሚያልፉ ፋይሎች ላይ ክትባት ካርዱ አንድ ዓመት፣ የትምህርት ቤቱ መዝገብ ሌላ ዓመት፣ የልደት ወረቀቱ ሦስተኛ ዓመት ሲል ዳኛው ወይ ያጣራሉ ወይ ይመልሳሉ። የፈረንጅ አቆጣጠር ሲገባበት ደግሞ ይብሳል። ለአሜሪካውያኑ በላካችሁት ቅጽ ላይ ልጁ በ2018 ተወለደ ብላችሁ ከሆነ እዩት፤ ታኅሣሥ 20 ቀን 2010 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ ዲሴምበር 29 ቀን 2017 ነው። ታኅሣሥ 25 ከሆነ ግን ጃንዋሪ 3 ቀን 2018 ይሆናል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 የተወለደ ላይ 7 ይጨመራል፤ ከዚያ በኋላ 8። ሁሉም ላይ 8 እየደመሩ የላኩ ድርጅቶች የአንዱን ልጅ ዕድሜ በአንድ ዓመት አሳንሰውታል፤ ከዓመታት በኋላም የሚከራከርበት እሱ ነው። ስሙም እንደዚሁ ነው። እናንተ ቤት ከገባ በኋላ የወጣለት ስም ካለ ሰነድ ላይ አይጻፍ፤ ቤተሰቡ የሚጠራው ስም ይጻፍ።

ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ሌላ ነገር አለ፤ መሬቱ። ዘጌ ላይ መሬት ማለት በአብዛኛው የቡና ጓሮ ነው። እናትየው በስሟ ወይም ከባሏ ጋር የይዞታ ደብተር ነበራት? በክልሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ (ቁጥር 252/2009) የመሬት ይዞታ መብት ይወረሳል፤ ልጆቿ ወራሾች ናቸው። አሁን ቡናውን የሚለቅመው ማን ነው? ልጆቹ ባሕር ዳር ናቸው፤ አባት የለም፤ አያት ደክመዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ጎረቤት ወይም ዘመድ ይዞታውን በስሙ ለማዞር የሚሞክርበት አጋጣሚ ብዙ ነው፤ አንዳንዴ ልጆቹ ወደ ማሳደጊያ እንዲገቡ በጣም የሚገፋው ሰውዬ እሱ ራሱ ይሆናል። መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄዶ ደብተሩ በማን ስም እንዳለ መጠየቅ አንድ ቀን አይፈጅም። ሞግዚት ሲሾም ይህን ንብረት ዘርዝሮ ማስመዝገብና ለልጆቹ ጥቅም ማስተዳደር የሞግዚቱ ግዴታ ነው። ከጓሮው የሚገኘው ገቢ ትንሽ ቢሆንም የልጆቹ ነው።

የሃይማኖት ጉዳይን ሳልነካ አላልፍም፤ ዘጌ የገዳማት አገር ናት፤ ቤተሰቡም የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ እንደሆነ እገምታለሁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 4 ልጅን በራሳቸው እምነት መሠረት የማሳደግ መብት የሚሰጠው ለወላጆችና ለሕጋዊ ሞግዚቶች ነው፤ ለማሳደጊያው አይደለም። አያትየው ልጆቹ በሕፃንነት በተጠመቁበት እምነት እንዲያድጉ ከፈለጉ ማክበር አለባችሁ። ለልጆቹ የሚሰጠውን እርዳታ ከእሑድ ጉባኤ ጋር ማያያዝ ደግሞ ከሕግ ጥያቄው ባለፈ አያትየውን «ልጆቼን ቀሙኝ» እንዲሉ የሚያደርግ ነው፤ ይህ ቃል ዘጌ ላይ አንዴ ከተነገረ ምስክር ሆኖ የሚቆምላችሁ ሰው አታገኙም።

አሁን ስለ ቤቱ። የሃይማኖት ተቋም ራሱ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ (ቁጥር 1113/2011) አይተዳደርም፤ የሃይማኖት ተቋም ያቋቋመው የበጎ አድራጎት ድርጅት ግን ይተዳደራል። 14 ልጆች የሚያድሩበት፣ ከውጭ ገንዘብ የሚመጣለት ቤት «የቤተ ክርስቲያናችን አገልግሎት ነው» በሚል ብቻ ሊሠራ አይችልም። ተመዝግባችሁ ከሆነ መልካም፤ ካልሆነ ምዝገባውን ጀምሩ። ከተመዘገባችሁም ከከተማው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጋር ስምምነት ይኑራችሁ። አዲስ ልጅ በመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ እንጂ በአንድ ዲያቆን ወይም ወንጌላዊ ጥቆማ አይግባ፤ ተጥሎ የተገኘ ከሆነ ደግሞ የፖሊስ ማስረጃ ይኑረው። ለእያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ማኅደር ይከፈት፦ ከየት፣ መቼ፣ በማን እንደመጣ፣ ያሉት ዘመዶች ከነስልካቸው፣ የጤናና የትምህርት መዝገብ፣ ቤተሰብ የጠየቀበት ቀን። የአስተዳደር ወጪያችሁ ከጠቅላላው 20 በመቶ እንዳይበልጥ አዋጁ እንደሚያዝዝም ያስታውሱ፤ የቤት ኪራዩና የጥበቃው ደመወዝ የት እንደሚመደብ ለሒሳብ ሠራተኛችሁ ከአሁኑ ንገሩት።

ከዘመድ አንድም ሰው ካልተገኘ ወይም ፍርድ ቤቱ ለልጆቹ አይበጅም ካለ የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ አለ። ይህ መንገድ አልተዘጋም፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 መንግሥት ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች በጉዲፈቻ የሚያድጉበትን ሁኔታ እንዲያበረታታ ያዛል። ከዚህ በታች የማነሣቸው የአንቀጽ ቁጥሮች የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ናቸው፤ ማመልከቻው ሲጻፍ የክልሉ አንቀጽ ይግባበት። ጉዲፈቻ አድራጊው 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት (አንቀጽ 184)፤ ባልና ሚስት ከሆኑ አንዳቸው 25 ከሞላቸው በቂ ነው፤ ሁለቱ ግን አብረው መስማማት አለባቸው። ልጁ ከ18 ዓመት በታች ይሁን። የጉዲፈቻ ስምምነት ይጻፋል፤ ማኅበራዊ ጉዳይ የአሳዳጊውን ቤት፣ ገቢና ጠባይ አጥንቶ ሪፖርት ያቀርባል፤ ፍርድ ቤቱ የልጁን ሐሳብ ይሰማል፤ ከዚያ ያጸድቃል ወይም ይመልሳል። ካልጸደቀ ስምምነቱ ዋጋ የለውም (አንቀጽ 194)። በአገራችን በማርና በጡት የሚደረገው የልጅነት ሥርዓት የሚከበር ወግ ነው፤ ርስትና ውርስ ሲመጣ ግን ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ያጸደቀውን ውሳኔ ነው። ከጸደቀ በኋላ ጉዲፈቻው በወሳኝ ኩነት ይመዝገብ። አንዴ ከጸደቀ የሚሻረው አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ካሠራ፣ ለጥቅሙ ሲል ነውረኛ ሥራ ውስጥ ካስገባ ወይም የልጁን የወደፊት ሕይወት በሚጎዳ ሁኔታ ከያዘ ብቻ ነው፤ «አልተስማማንም» ምክንያት አይሆንም። እኅትና ወንድሙ ለሁለት ቤት እንዳይከፋፈሉ በማመልከቻው ውስጥ በግልጽ ይጠይቁ፤ ካልተጠየቀ ትንሹን ብቻ የሚፈልግ አሳዳጊ ይመጣል።

የ11 ዓመቷ ልጅ ዳኛ ፊት ትቀርባለች፤ ሐሳቧ ክብደት አለው። አሁን ልቧ አሜሪካ ነው ያለው። «የሕግ ክልከላ አለ፤ አትሄዱም» ብለው የሚነግሯት እርስዎ ይሁኑ፤ ባልና ሚስቱ አይሁኑ፤ እነሱ ሲነግሯት «ገና እየሞከርን ነው» ማለታቸው አይቀርም።

ለባልና ሚስቱ የአዋጁን ቁጥር ጠቅሰው በጽሑፍ ይመልሱላቸው። መርዳት ከፈለጉ ገንዘቡ በተመዘገበው ድርጅት የባንክ ሒሳብ ይግባ፤ በእጅ፣ በግል ሒሳብ ወይም በሻንጣ አይምጣ። ከሁሉ የሚጠቅመው ለአያትየው ወይም ለምትሾመው አክስት በየወሩ የሚሰጥ የቤተሰብ ድጋፍ ነው፦ ምግብ፣ ዩኒፎርምና ደብተር፣ ሕክምና፤ ለእያንዳንዱ ክፍያ የተቀባዩ ፊርማና ቀን ያለበት ደረሰኝ ይያዝ። ለሥራ ወደ አገር ሲገቡ በጎብኚ ቪዛ ማገልገል እንደማይፈቀድም ይንገሯቸው። ደጋፊዎችን ለማሰባሰብ የልጆቹን ፎቶ ከሙሉ ስማቸውና ከዘጌ ስም ጋር በይነ መረብ ላይ ለጥፈው ከሆነ ዛሬውኑ ያስነሡ፤ አዲስ ፎቶ የሚላከው ሞግዚቷ ከፈቀዱ በኋላ ሲሆን ስምም ሠፈርም አይጻፍበት።